የሰውነት ዋጋ በምን ይለካል?

ይህን አጭር የታሪክ ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት እንዳቀርብ ያነሣሣኝ አንድ የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት በተደረገው የሩጫ ውድድር ሰዓት መዝጋቢ ሆኜ ተመርጬ ነበር። አንድ እግሩ የሰለለ ተማሪ ከሁሉ በኋላ ብቻውን ሲደርስ እኔ ሰዓቱን አቁሜ ከጓደኞቼ ጋር እጫወት ነበር። ስለዚህ ስሙን ብቻ ጽፌ የሰዓቱን ቦታ ባዶ ተውሁት። እርሱም መዝገቡን አይቶ ምንም ሳይናገር ሄደ። ያ ልጅ የማሽላውን ማሳ እያቋረጠ ከመንደሩ እስከ ትምህርት ቤታችን በየቀኑ በእግሩ የሚመላለስ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ የሰው ሰውነት የሚችለውን ነገር የምንለካው በምንድን ነው? የሚል ጥያቄ በአሳቤ ይመላለስ ስለ ነበር መልሱን ከአገራችን ታሪክ ውስጥ ፈለግሁ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በተባለ መንደር ተወለደ። ለአካለ መጠን ሲደርስ በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጥሮ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገራችን የዘመን መለወጫን ዋዜማ በምታከብርበት ምሽት፣ በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ዳግመኛ ድል አደረገ። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ሩጫውን እንደ ጨረሰም በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ተደነቀ። እስከዚህ ድረስ የአበበ ሰውነት የሚለካው በሰዓት ነበር፤ ሰዓቱም ለእርሱ ይመሰክርለት ነበር።

በጎብዬ መካከል የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ቢከተሉት ወልድያን፣ ደሴን፣ ጣርማ በርንና ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። ሸኖም በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በሸኖ አቅራቢያ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች፤ እርሱም እስኪነጋ ድረስ በውስጧ ተይዞ ቆየ። በመጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። በኋላ እጆቹ ቢመለሱለትም፣ ዓለም ያደነቃቸው እነዚያ እግሮች ግን ዳግመኛ አልቆሙም።

ለሕክምና የተላከው በእንግሊዝ አገር ወዳለው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲሆን በዚያም ስምንት ወር ያህል ተቀመጠ። በዚህ ሆስፒታል ከጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት በዚያው ቀን፣ 16 የቆሰሉ ወታደሮችን በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጦ በቀስት አወዳድሮ ነበር። ይህ ውድድር እያደገ ሄዶ አበበ በሮማ ከሮጠ ከ8 ቀን በኋላ በዚያችው በሮማ ተካሄደ። አበበም በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ውድድር ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የተንሸራታች ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ድሉን ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለ ሁሉ አደጋውንም እንዲሁ መቀበሉን ተናግሯል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ እንጠይቅ። ሰዓቱ ዝም ካለ በኋላ የዚህ ሰው ሰውነት በምን ይለካል? በዘመናችን ስለዚህ ጉዳይ የተመራመሩ ሊቃውንት አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ጄሲካ አሌቫና ሁለት ባልደረቦቿ፣ ሰው ሰውነቱ ስለሚሠራለት ነገር ያለውን አድናቆትና ምስጋና የሚለኩበትን መጠይቅ አወጡ። መጠይቁ 7 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ተጠያቂው ለእያንዳንዱ ፈጽሞ አልስማማም ከሚለው 1 ጀምሮ በጣም እስማማለሁ እስከሚለው 5 ድረስ ቊጥር ይሰጣል፤ የሁሉም አማካይ ይወሰዳል። የሚጠየቀው ምን ያህል ፈጣን ወይም ብርቱ ነህ ተብሎ አይደለም። ጤናው ሙሉ ባይሆንም እንኳ ስላለው ጤና ማመስገኑ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ በሩጫ የመጨረሻ የሆነ ሰው በዚህ መለኪያ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ አንደኛ የወጣውም ሰውነቱን የሚንቅ ከሆነ ዝቅ ይላል።

ይህም መለኪያ ቢሆን ጉድለት የለበትም አይባልም። ሰዓት አይዋሽም፤ ሰው ግን ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት ያልተሰማውን ሊጽፍ ይችላል። አበበም ይህን መጠይቅ ስላልሞላ ምን ያህል ነጥብ ያገኝ እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም። ነገር ግን እግሩን ያጣ ሰው በቀሩት እጆቹ ቀስት ማንሣቱ ከቊጥር የበለጠ ምስክር ይመስለኛል።

ይህን ጽሑፍ ከማዘጋጀቴ በፊት ያን ተማሪ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። የሰዓት ነገር ምንም አይደለም፣ ዋናው ምስጋና ነው ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። እርሱ ግን ቀደመኝና፣ «ዘንድሮስ ጻፍልኝ፤ ካምናው ማሻሻሌን በምን ላውቅ?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ያዘጋጀሁት ምክር ሁሉ ጠፋኝ። እርሱ በሰውነቱ አያፍርም ነበር፤ ያሳፈረው የእኔ ባዶ መስመር ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከእኔ በኋላ ሰዓት የምትይዙ ሁሉ፣ የመጨረሻው ልጅ ሳይደርስ ሰዓቱን አታቁሙ። ወላጆችም አካሉ የተጎዳ ልጅ ቢኖራችሁ በቤት አታስቀሩት፤ ወደ ሜዳው ላኩልን። የዘንድሮው በዓላችን መዝገብ አንድም ባዶ ቦታ እንዳይኖረው ቃል እገባለሁ።