ቁናና ኪሎ

ካሎሪ መቁጠር የከተሜ ቅንጦት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን ነገሩ የታሪክ ነው ባይ ነኝ፤ ለዚያውም የጎጃም ታሪክ። ካሎሪ የሚቆጠረው በግራም ነው፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ እህሉን ሲሰፍር እንጂ ሲመዝን አልኖረም።

ሚዛን ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል በነበረበት ጊዜ፣ በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጣው ወርቅና ዝባድ በወቄት ይመዘን ነበር። መመዘኛውም ገንዘቡ ራሱ ነው፤ የማሪያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ስለሚከብድ አንድ ብር እንደ አንድ ወቄት ያገለግላል። ለነጋዴው ዕቃ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲደረግ፣ ለሚበላው እህል ግን ቁና ይበቃል ተባለ።

ቁና መቼም የታወቀ ነው። ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ይሆናል። ነገር ግን የማን ቁና? ከነክምሩ ነው ወይስ በእጅ ተጠርጎ? ነቅነቅ ተደርጎ ነው ወይስ እንዲሁ ፈስሶ? አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ከነገለባው ያለ የጮቄ ገብስ ክብደታቸው ለየቅል ነው። የሚገርመው፣ በሚዛን ብታዩዋቸው ጤፉም ገብሱም ስንዴውም በ100 ግራም 350 ካሎሪ አካባቢ ናቸው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ስፍሩ ነው።

ገበሬው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አስራት የሚከፈለው ገማች ማሳውን በዓይኑ አይቶ በሚናገረው ልክ ነበር። ገማቹ ቢያበዛ፣ ሰፋሪው የያዘው ቁና ሰፋ ቢል፣ አቤት የሚባለው ለማን ነው? ስለዚህ ጎጃም ለኪ ሲመጣበት አይወድም። መሬቱን በቀላድ አላስለካም አለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሜትርና ኪሎ በሕግ ታወጁ፤ በ1960 ዓ.ም ደግሞ አስራትን የሚተካው የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም ለአመጽ ተነሣ። የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። አንዳንዶች ይህን ኋላ ቀርነት ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ ልኩን የሚይዘው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ መጠርጠር ምኑ ነው ነውሩ?

ጎጃም ገማቾቹን ባባረረበት በዚያው በ1968 እ.ኤ.አ. ጉናር ኦግረንና ሮዛሊንድ ጊብሰን፣ አዲስ አበባ በነበረው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ምግብ ተቋም አማካይነት፣ የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አሳተሙ። እንጀራችን በ100 ግራም ተተንትኖ ወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ችግሩ፣ እንጀራን በግራም የሚበላ ሰው የለም።

አክስቴ ስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪም በቀን ይህን ያህል እንጀራ ብሎ ወሰነላቸው። «የማን ምጣድ እንደሆነ አልነገረኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው! የአንዱ ቤት እንጀራ 300 ግራም፣ የጎረቤቱ 450 ቢመዝን ሁለቱም ስማቸው «አንድ እንጀራ» ነው። እንጀራውን መመዘንም ብቻውን አይበቃም፤ ከግማሽ በላይ ውሃ ነውና። ድርቆሽ ሲሆን ውሃው ይሄዳል፣ ካሎሪው ይቀራል፤ ስለዚህ 100 ግራም ድርቆሽ ከ100 ግራም ትኩስ እንጀራ እጥፍ በላይ ነው። የሚሻለው ሳይቦካ በፊት ዱቄቱን መመዘን ነው። 5 ኪሎ ዱቄት 35 እንጀራ ከወጣው እያንዳንዱ ወደ 500 ካሎሪ ይጠጋል፤ 45 ከወጣው ወደ 400 ይወርዳል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ የወጣላቸውን እንጀራ መቁጠር ጀመሩ። ወጡን ግን እንጃ! ከአንድ መሶብ እየተበላ፣ ጉርሻ እየተጨመረ፣ ማን የስንት ማንኪያ ዘይት ወጥ እንደበላ ማን ያውቃል?

ይህ ለጠገበው ነው። በእኛ አገር ካሎሪ በብዛት የተቆጠረው ግን ለተራበው ነው። መንግሥት ድህነትን ሲለካ የምግቡን መስመር ያሰመረው ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ብሎ ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ሴፍቲኔት ደግሞ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያሰላል፤ በቀን ግማሽ ኪሎ፣ ማለትም 1,750 ካሎሪ ገደማ። ያውም 15ቱ ኪሎ ሙሉ ሲሆን። እህሉ በሚዛን ፋንታ በጣሳ ተሰፍሮ ጣሳው ከአሥር እጅ አንዱን ቢያጎድል፣ ከወሩ 1.5 ኪሎ ሄደ። ወረፋ ጠብቃ ለተቀበለችው እናት ይህ የሦስት ቀን ምግብ ነው።