ሴት አልባው መድረክና አስናቀች ወርቁ

ድምፅ አልባው የሲኒማ ሥዕል፣ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ በሰየመው የአዲስ አበባ አዳራሽ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ከተሜው የባሕር ማዶ ሴቶች በነጭ ሸራ ላይ ሲስቁና ሲያለቅሱ ይመለከት ነበር፤ በገዛ አገሩ መድረክ ላይ ግን ሴት አልነበረችም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ለመኳንንቱ ካሳዩ በኋላ እንኳ፣ ንግሥትም ትሁን ገረድ፣ ሙሽራም ትሁን አሮጊት፣ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ፣ ነጠላ የተከናነበና ድምፁን ያቀጠነ ወንድ ሆኖ ብዙ ዘመን አለፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአደባባይ ያዜመች ሴት «አዝማሪ» ተብላ ትናቅ ነበርና፣ የጨዋ ልጅ በሰው ፊት ቆማ ትታይ ማለት ለቤተሰቡ ነውር ነበር።

ይህን ነውር በ1940ዎቹ ዓመታት ደፍረው ከተሻገሩት ቀዳሚ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናት። በኅዳር 1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲመረቅ የቀረበው፣ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው የደረሱት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፤ ከመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተቀዳ ይህ ታሪክ ደግሞ ያለ ኦርዮን ሚስት፣ ያለ ቤርሳቤህ፣ አንድ እርምጃ አይራመድምና፣ ተውኔቱ ራሱ ሴትን ወደ መድረክ የሚጠራ ነበር ማለት ይቻላል። አስናቀች የኖረችውና ያረጀችው በዚሁ ቤት ነው፤ ስሙ ተለውጦ ብሔራዊ ቴአትር ከተባለም በኋላ።

አስናቀች ተዋናይት ብቻ ሳትሆን ክራር ደርዳሪና ዘፋኝም ነበረች። ክራሩን ታቅፋ ስትቀመጥ ጣቶቿ ክሩን እየነኩ፣ ፊቷ ግን ከግጥሙ ጋር ይኮሳተራል፣ ይፈካል፤ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር ስንኝ ለስንኝ ስትመላለስ፣ እርሱ ሲነቅፋት አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትመልሰው መልስ ዘፈን ብቻ ሳይሆን ፍጹም ተውኔት ነበር። ስለዚህ ዘፋኝነቷንና ተዋናይነቷን ለያይቶ የሚያመሰግን ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ እኩሌታዋን ብቻ አውቋል።

በ2003 እ.ኤ.አ. «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ስብስብ ዐሥራ ስድስተኛው ቅጽ ለእርሷ ዜማ ተሰጠ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፈች። ዜማዋ በሸክላና በካሴት ተጠብቆ ደረሰን፤ የመድረክ ትወና ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ የሚያልፍ ጥበብ ነውና፣ ከእርሷ ጋር የተወኑና ከፊት ወንበር ሆነው ያዩዋት ሽማግሌዎች፣ እንዴት ትገባ፣ እንዴት ዝም ትል፣ እንዴት ትቆጣ እንደነበረ በሕይወት ሳሉ ጽፈው ሊያኖሩልን ይገባል።