የሰቆጣ ጨውና የብረት ዝገት

በአፋር ቈላ፣ በአርሆ የጨው ሜዳ ተጠርቦ የተሰናዳው አሞሌ በግመልና በበቅሎ፣ በአህያም ጀርባ ዳገቱን ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ላይ ይራገፍ በነበረበት ዘመን፣ ይህች የዋግ ሹሞች መዲና በጨው የከበረች ነበረች፤ አሞሌውም ከመብልነቱ አልፎ በገንዘብ ፈንታ ይመነዘር ነበር። ነጋዴው ዝናምን ከሽፍታ ባላነሰ ይፈራ የነበረው፣ ጨው እርጥበትን ወደ ራሱ ስቦ በገዛ ላቡ የሚቀልጥ ባሕርይ ስላለው ነው።

ይኸው ባሕርይ ለብረት ጠንቅ ነው። ብረት ውሃና ኦክስጅን ሲያገኙት ይዝጋል፤ ውሃው ጨው ያዘለ እንደ ሆነ ግን ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱ ይፋጠናል፤ ዝገቱም ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ስፍራ ስለሚሻ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ እንደ ብጉር ያስነሣዋል። የዋግ ደረቅ አየር ከባሕር ዳር አየር ይልቅ ለብረት የሚራራ ቢሆንም፣ ጨው የጫነ መኪና ባሕሩን በወለሉ ተሸክሞ ይዞራል።

አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ቢገባም፣ የጥገናው ቋንቋ በብዛት የመጣው ከኢጣሊያኖች ነው። እነርሱ በ1928 ዓ.ም. ሰቆጣን ያዙ፤ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በመስከረም 1930 ዓ.ም. አንገታቸው ተቀላ። የሚያስገርመው፣ ያ ጠላት ከተባረረ በኋላ እንኳ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት ቃላቱ በየጋራዡ ተከብረው መኖራቸው፣ ብረት ቀጥቃጩም ባትላሜራ መባሉ ነው፤ በአንጻሩ የገዛ አገሩን ባለእጅ ሕዝቡ ቡዳ እያለ ሲሸሸው ኖሯል።

ብልህ ባትላሜራ ቀለም ከመንካቱ በፊት በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋል፦ ጤነኛው ላሜራ እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ የተበላው ግን እንደ ተሰነጠቀ ገል ድምፁ ይታፈናል። በካቻቢቴ ሲወጋው ቡናማ ዱቄት ከረገፈ፣ የሞተውን እስከ ሕያው ብረት ድረስ ቈርጦ ያወጣል፣ አዲስ ላሜራ በልኩ ይበይዳል፣ የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ ስቱኮውንም ስስ አድርጎ ያለብሳል። ዝገቱን ሳይፍቁ በስቱኮ መለበጥ መቃብርን በኖራ እንደ መለሰን ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ብጉሩ ይመለሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን መኪናውን ከማስረከቡ በፊት ተንበርክኮ፣ ከበሩ ግርጌ በጭቃ የተደፈነችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በሽቦ ይጐረጕራል።