ድሩ ከባሕር ማዶ፣ ማጉ ከደጋው

ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴ የሚወጣ ሰው የቆላውን ሙዝ ወደ ኋላ ትቶ እንሰትና ገብስ ወደሚበቅልበት ደጋ ይገባል። ገረሴ ለረጅም ጊዜ የቦንኬ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና የቆየች ናት። እንደ ጨንቻ፣ ዶርዜና ዲታ ሁሉ ከዚህም ደጋ ሸማኔዎች ወጥተው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሰፍረዋል። የወደብና የውል ፖለቲካ ከዚህ አገር የራቀ ይመስላል። የሸማን ታሪክ የተከተለ ሰው ግን የኃያላኑን ሽኩቻ እዚሁ በሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ያገኘዋል።

መግቢያው ድሩ ነው። ቀድሞ ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉ ስለነበር ድሩም ማጉም የአገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ጋሞን ሲይዝ በሕዝቡ ላይ ከባድ ግብር ወደቀ፤ የሸማው ገበያ ግን እስከ አዲስ አበባ ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ የህንድና የሌላ አገር የፋብሪካ ክር የድሩን ቦታ እየወሰደ ሄደ፤ ማጉ የእጅ ፈትል ሆኖ ቆየ።

ከክሩ ጋር ተፎካካሪውም መጣ፤ አቡጀዲ። ይህ ያልነጣ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በኤደን ነጋዴዎች እጅ አልፎ ይገባ ስለነበር፣ አሜሪካዊ ነጋዴ በሌለበት የአሜሪካ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶት ነበር። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄነራል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰው ባቡር ከተጓዘ በኋላ የቀረውን መንገድ በእንስሳት ጀርባ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ምኒልክ ከዓድዋ በኋላ በዙሪያቸው ካሉት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ውጭ ሌላ ወዳጅ ይሹ ነበር፤ አሜሪካ ደግሞ የጨርቅ ገበያዋን ማጽናት ፈለገች። በእኔ እምነት ይህ ውል ከብዙ ጦርነት ይልቅ የሸማኔውን ኑሮ ነክቷል፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም።

የአሜሪካ ጊዜም አለፈ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጃፓን አቡጀዲ ገበያውን ተቆጣጠረው። በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ በተከታዩ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቶኪዮ ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ ጻፉ። በዚያው ወራት፣ በታኅሣሥ 1924 ዓ.ም.፣ ጃፓን የወርቅ መሠረትን ስትተው የየን ዋጋ ወደቀ፤ ጨርቋም የበለጠ ረከሰ። ጣሊያን በዚህ ተቆጣች፤ የጃፓንን ንግድ እንደ ሥጋት አየችው።

በ1928 ዓ.ም. ወረራው ሲመጣ ንግዱ ለጣሊያን ዕቃ እንዲያደላ ተደረገ። ታላቁ የህንድ ነጋዴ ቤት መሐመዳሊም በ1929 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ለዓመታት የተዘረጋ የጨርቅና የሸቀጥ ንግድ መስመር በአንድ ትእዛዝ ተዘጋ ማለት ነው። ገዢው ስለ ሸማኔው እንዳላሰበ ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ ድሩን በገበያ የሚገዛ ሰው ከዚያ መዘዝ አያመልጥም።

ከዚያ በኋላ ዕቃው በሚመጣበት የባሕር መንገድ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። የስዊዝ ቦይ ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ተዘግቶ የመርከብ መንገዱ ረዘመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ዋናው የወጪና ገቢ ንግድ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን የቅርቡ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከደቡብ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶችን ሰበሰበ። የሰሜኑ ጦርነት ሲባባስ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ቅጣቱ የተላለፈው በመንግሥት ላይ ነው፤ ደመወዝ የቀረባት ግን ስፌት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት አልችልም።

በሽሮ ሜዳ ዛሬ የሸማ ጥበብን የሚመስል የቻይና ሕትመት ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ይሸጣል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ የጀመረው ጥቃት የመርከብ ኪራይን አስወደደ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው ባለቀለም ክር ከዶላሩ ጋር መውጣቱ አልቀረም። ሸማኔው ለጥበቡ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ክር ነው።