ዳንቴል የለበሰው ቴፕ

እናቴ ቴፑን ለቆራሌው የሸጠችው እኔ ትምህርት ቤት በዋልኩበት ቀን ነው። ከተቃጠለ ምጣድና ከሁለት የተበሱ ድስቶች ጋር ደርባ ሰጠችው። ማታ ስገባ ቡፌው ላይ የቀረው ዳንቴሉ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ምንም አልመሰለኝም። ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ፍላሽ ዞሮ ነበር፤ ክር የሚበላ ቴፕ ማን ይፈልጋል?

ዘንድሮ ግን ያንኑ የመሰለ ቴፕ ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ መርካቶን ዞርኩ።

አሮጌ ዕቃ ፈላጊው እኔ ብቻ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ካፌ ነው መደርደሪያው ላይ የሸክላ ማጫወቻ፣ የጽሕፈት መኪናና ፋኖስ የደረደረው! አብዛኞቹ አይሠሩም፤ ፎቶ መነሻ ናቸው። ፋሽን ነው ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። የእኔ ምክንያት ግን አንድ ካሴት ነው።

አያቴ ስታርፍ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አገኘነው። ላዩ ላይ የጥላሁን ገሠሠ ስም አለ። ጠርዙ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን በተጣጠፈ ወረቀት ተወትፈዋል። ካሴት ላልደረሰባችሁ ላስረዳ፦ ከሙዚቃ ቤት የሚገዛ ካሴት በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት እነዚያ ቀዳዳዎች ክፍት ሆነው ነው የሚመጡት። ወረቀት ሲወተፍባቸው ቴፑ ይታለልና መቅዳት ይጀምራል። እንግዲህ አንድ ሰው በጥላሁን ላይ ሌላ ነገር ቀድቷል ማለት ነው። በጥላሁን ላይ የሚቀዳ ነገር ደግሞ ተራ ነገር አይሆንም።

ካሴትን ለዓለም ያበረከተው በፊሊፕስ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሎው ኦተንስ የሚባል የሆላንድ ኢንጂነር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነው። መሣሪያው ምን ያህል ማነስ እንዳለበት ለመወሰን በኮቱ ኪስ የሚገባ እንጨት ለካ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ውስጥ በተካሄደ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ያ ታሪካዊ እንጨት ግን ዛሬ የለም። ኦተንስ የመኪና ጎማ ሲቀይር ከክሪኩ ሥር አስገብቶት በዚያው ቀረ። የእናቴንና የቆራሌውን ነገር ሳስብ በዚህ እጽናናለሁ።

እኛ ዘንድ ከካሴት በፊት የነገሠው ሸክላ ነበር። ሸክላ ማሳተም ለዓመታት የሀገር ፍቅር ብቸኛ መብት ሆኖ ቆይቶ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ይዞ ብቅ ሲል ያ አጥር ተጣሰ። ያም ሆኖ ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ ነበር። ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሙዚቃ ቤቱ እዚሁ ያባዛል፤ ቴፑ መብራት ባይኖር በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሰውን በጊዜ ቤቱ ሲያስገባው፣ ዘፈኑም አብሮት ሳሎን ገባ።

ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ሸክላ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ቴፕ ግን ይሰማል። ስልክ በየቤቱ ባልነበረበት፣ ደብዳቤ የሚያስጽፍና የሚያስነብብ ወላጅ በበዛበት ዘመን፣ የተበተነ ዘመድ ድምፁን እየቀዳ በመንገደኛ ይላላክ ነበር። አክስቴ በሱዳን በኩል ወጥታ አሜሪካ የገባችው በዚያ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ የሚሠራ ቴፕ አገኘሁ። ላስቲኩን ቀየረ፣ ሄዱን በአልኮል በነከረ ጥጥ ጠረገ፣ የላላውን ክር በእስክሪብቶ እያዞረ አጠበቀልኝ። የዚህ ክር ስፋት 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። በ60 ደቂቃ ካሴት ውስጥ 90 ሜትር ገደማ አለ።

ቤት ወስጄ ከእናቴ ጋር ከፈትነው። መጀመሪያ ዶሮ ጮኸ። ቀጥሎ አያቴ፣ "ይሄ ነገር ይሰማል?" አለች። አንድ ልጅ፣ "ይሰማል እማማ፣ ይናገሩ" አላት። ከዚያ ለአክስቴ ማውራት ጀመረች። ማን እንዳገባች፣ ማን እንደወለደች፣ ጤፍ ስንት እንደገባ፣ ወንድሜ በዚያ ሳምንት ክርስትና እንደተነሣ። "አባትሽም..." አለችና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ቀጭ የሚል ድምፅ፤ ጥላሁን ከዘፈኑ መሃል ብቅ አለ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወንድሜ ክርስትና ሲነሣ አያቴ ባለቤቷን ከቀበረች አርባው እንኳ አልወጣም ነበር። መርዶውን በካሴት መናገር አልሆነላትም፤ "ደህና ነው" ማለትም አቃታት። ካሴቱ ሳይላክ ሳጥን ውስጥ የቀረው ለዚህ ነው።

ድሮ መልካም ነበር እያልኳችሁ አይደለም። ያ ጊዜ ቤተሰብ የበተነ ጊዜ ነው። ግን ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ዛሬውኑ ቅዱት፤ ክሩ በየዓመቱ ያረጃል።

እኔም ወደ ስልክ ገልብጬ በቴሌግራም ለአክስቴ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች። ብዙ አላወራችም።

"ካሴቱስ?" አለችኝ።

"ምን ታደርጊበታለሽ? ማጫወቻ እንኳ የለሽም። ድምፁን ላክሁልሽ አይደል?"

"እማዬ በእጇ የያዘችው እሱን ነው" አለች። "ላኪልኝ። ወረቀቱን እንዳታወጪው።"

መንገደኛ እየፈለግሁ ነው።