ዝገቱን ስንፍቅ

ባለፈው ወር ያጠራቀምኳትን ሁሉ ከፍዬ አንድ አሮጌ ቬስፓ ገዛሁ። ጋራዥ ወስደን ዝገቷን ስንፍቅ የፊት ጎማዋ በአንድ ጎን ብቻ መያዙ ገረመኝ። ነገሩ የአውሮፕላን እግር ነው። ንድፏን ያወጡት ኮራዲኖ ዳስካንዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ፤ ሞተር ሳይክል በዘይት ያቆሽሻል ብለው ስለማይወዱ ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈኑት። የፖንቴዴራው የፒያጆ ፋብሪካ በጦርነቱ በቦምብ ፈርሶ፣ የጦር አውሮፕላን ሥራም አክትሞ ነበርና በ1938 ዓ.ም. ቬስፓን ይዞ ብቅ አለ።

ታዲያ ከዚያ በፊትስ? በ1928 ዓ.ም. አገራችን ላይ ቦምብ ካወረዱት አውሮፕላኖች አንዱ ካፕሮኒ 133 ነው። ይበር የነበረውም በሦስት የፒያጆ ሞተሮች ነው። ይህን ሳነብ መፍቻው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ልሽጣት እንዴ?

ጋሼ መካኒኩ ሳቁብኝ። «ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ስትል ቃሉ የማን ነው? ከነሱ መጣ፤ እንጀራ የበላንበት ግን እኛ ነን» አሉ።

አልሸጥኳትም። ነገር ግን ቀለም የምንቀባት ብረቷን እንጂ ታሪኳን አይደለም፤ ማን እንደ ሠራትና ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ሐሙስ ዕለት በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች።