ከአገልግል እስከ ሆቴል ገበታ፦ የብቸናና የሞጣ መንገደኛ ምግብ በታሪክ

ሰው በቤቱ የሚበላው ምግብ ከምን እንደ ተሠራ የቤቱ ሰው ያውቀዋል፤ ከቤቱ ውጪ የሚበላውን ግን ማን ያውቅለታል? ይህ ጥያቄ ለጤና ባለሙያ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የማኅበራችን አባላት ለክትትልም ሆነ ለክትባት ዘመቻ ከደጀን ተነሥተው በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሲጓዙ ቁርሳቸውም፣ ምሳቸውም፣ ራታቸውም በሆቴል ነው። ስለዚህ የዚህን አገር መንገደኛ የምግብ ታሪክ መመርመር ራሳችንን መመርመር ይሆናል።

በጥንቱ ዘመን መንገደኛ ምግቡን አይገዛም፤ ይዞ ይሄዳል እንጂ። ሞጣ የታወቀች የነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች። ከዚያ ተነሥቶ በ17ኛው መቶ ዓመት በተሠራውና ዛሬ ሰባራ ድልድይ በሚባለው መሻገሪያ ዓባይን አቋርጦ ወደ በጌምድር የሚዘልቀው ሲራራ ነጋዴ በአገልግሉና በስልቻው በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይይዝ ነበር። በብቸና አቅራቢያ ወደሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ለትምህርት የሚጓዘው ተማሪም ቢሆን «የቆሎ ተማሪ» የሚለውን መጠሪያ ያገኘው ከዚሁ ስንቁ ነው። በሶና ቆሎ ከነገለባቸው ባይሆንም ከነብዙ ጥቅማቸው የሚበሉ፣ ቅባትና ጨው ያልበዛባቸው የእህል ምግቦች ናቸው። ይህን ስንል ግን ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ ያ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲለምን ብዙ ቀን ጦሙን አድሯል። ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መንገደኛው የሚበላውን ያውቅ እንደ ነበረ ነው።

ምግብን በገንዘብ መሸጥ በአገራችን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር፤ እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነውና። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን ስላፈሩ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙ እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ደግሞ ፓስታና መኰሮኒ ከነስማቸው ወደ ገበታችን ገቡ። የመኪና መንገድ እየተዘረጋ ሲሄድም ሆቴሉ በየወረዳው ከተማ ተተከለ። እንግዲህ ምርጫው ከመንገደኛው እጅ ወጥቶ በወጥ ቤት ሠራተኛዋ እጅ የገባው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሆቴል ምግቦች ሁሉ የክብር ስፍራ የያዘው ሥጋ ነው፤ ከሥጋም ጥሬው። የዚህ ዋጋ በታሪክ የታወቀ ነው። ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቈየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ ለአውሮጳ አስተዋውቋል። አባቶቻችን ኮሶ መጠጣትን የዘወትር ልማድ ያደረጉት ጥሬ ሥጋ መብላትን የዘወትር ልማድ ስላደረጉ ነው፤ መድኃኒቱም መጠኑ ሲበዛ ለጠጪው ራሱ አደገኛ ነበር። ዛሬ ፕራዚኳንቴልን የመሰለ መድኃኒት ቢገኝም ትሉ የሚገባበት በር አልተዘጋም። የትሉ እጭ የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ ድረስ ቢያንስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው፤ ስለሆነም ለብለብ የተባለው ክትፎ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሽሮው ድስት ውስጥ ያለው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ጥቁር አፈር ላይ ጓያ ይዘራል። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ መሆኑ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹም በደላንታ ዳውንት በደረሱት ወረርሽኞች ታይቷል። በደላንታ የተደረገው ጥናት ጓያን በእሸት፣ በንፍሮና በቆሎ መልክ መብላት አደጋውን እንደሚያባብስ፣ በወጥ መልክ መብላት ግን ከበሽታው ጋር ተያይዞ እንዳልተገኘ አመልክቷል። ስለዚህ አንድ ቀን በሆቴል ሽሮ የበላ መንገደኛ ሊሠጋ አይገባውም። ዳሩ ግን ዘወትር በአንድ ሆቴል የሚመገብ ሠራተኛ «ሽሮው ከምን የተፈጨ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ የሽንብራ ወይም የአተር ሽሮ ካለ እሱን ይምረጥ።

ሦስተኛው ዐይን የማያየው ጨው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ግን የኢትዮጵያውያንን አማካይ ፍጆታ 8 ግራም ያህል ሆኖ አግኝቶታል። የዘይቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ጎጃም የኑግ አገር ሲሆን በብዙ ድስት ውስጥ የሚገባው ከውጪ የመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ ከዚህም ዘይት ስብ ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይበጀው ዓይነት ነው።

ታዲያ መንገደኛው ምን ይዘዝ? መልሱ ከሩቅ አይመጣም። የጾም ሥርዓታችን በየረቡዕና በየዓርቡ፣ በዐቢዩም ጾም ሳምንታት፣ ሆቴሉን ሁሉ ጎመን፣ ምስር ክክና ሽሮ ያለበት በያይነቱ እንዲያዘጋጅ አስተምሮታል። ይህን ገበታ በፍስክ ቀንም ቢሆን የሚከለክል የለም። ዘይቱና ጨው ቀለል እንዲል አስቀድሞ መንገር፣ ነጩ ጤፍ የክብር ቢመስልም ቀዩን አለመናቅ፣ ሥጋ ሲያምርም ቅቅሉን ወይም በደንብ የበሰለውን ጥብስ ማዘዝ፣ ከለስላሳው መጠጥ ይልቅ የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ መምረጥ በየትኛውም የወረዳ ከተማ የሚቻል ነው።

በመጨረሻም አንድ ቃል እንጨምር። በብቸናም ሆነ በሞጣ ሆቴል ውስጥ የጤና ባለሙያ ሲቀመጥ የሚያየው ብዙ ነው። ጠዋት በጤና ጣቢያው ስለ ኮሶ ትል ያስተማረ ሰው ማታ ቁርጥ ሲያዝ ቢታይ ትምህርቱ ከንቱ ይሆናል። ሲራራ ነጋዴው ምግቡን በአገልግል ይዞ ይዞር ነበር፤ እኛ ደግሞ ዕውቀታችንን ይዘን እንዙር። ሆቴሉ የሚያበስለው የሚታዘዘውን ነውና፣ ትእዛዛችን ሲለወጥ ድስቱም መለወጡ አይቀርም።